የአይጥ ጓደኛ አይጥ ናት፦ «ብቻዋን ብትሆን ምን አለበት?» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ጓደኛዋ ሞታባት ብቻዋን ስለቀረች ለማዳ አይጥ ነው የሚያወራው። ጸሐፊው ብዕሩ ለስላሳ ነው። አይጥ እንደሚወድም ያስታውቃል። ምክሩ ግን አንድም ሳይቀር የተሳሳተ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ባጭሩ የሚለው እንዲህ ነው፦ የሰው ፍቅር ካለ ለአይጥ ሌላ አይጥ አያስፈልጋትም። ካሳዘነቻችሁ መስታወት ወይም አሻንጉሊት አስገቡላት። ሌላ እንስሳም ጓደኛ ሊሆናት ይችላል። የግድ አይጥ ካመጣችሁ ወንድ አምጡላት፤ ጤነኛ ከመሰለ በዚያው ቀን አንድ ላይ ክተቷቸው። ከተጣሉ አልተዋደዱም ማለት ነውና ለዩዋቸው። ካረጀች ደግሞ ጭራሽ አትነካኳት።

ይህን የምጽፈው አዋቂ ነኝ ብዬ አይደለም። ከእነዚህ ምክሮች ግማሹን እኔው ሞክሬያቸዋለሁ። ዳማ የምትባል አይጥ ነበረችኝ። እህቷ ጥቁሬ ስትሞት «እኔ አለሁላት» ብዬ ለሁለት ወር ብቻዋን አቆየኋት። ከዚያ በኋላ የሠራሁትንም ወደ ታች እናገራለሁ፤ የሚያኮራ አይደለም።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር። በአማርኛ «አይጥ» ስንል ትንሿንም ትልቋንም ነው። እኔ እዚህ የማወራው ስለ ትልቋ ነው፤ አይጠ ሞጎጥ ስለምንላት፣ ግን በሰው እጅ ተዋልዳ ሰው ስለለመደችው ዘር። ይህ ልዩነት ኋላ ላይ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሆኖ ይመጣል።

«የሰው ፍቅር ይበቃታል»

ጽሑፉ ብቻዋን የምትኖር አይጥ ለሰው ይበልጥ ትቀርባለች፣ ጓደኛ ካገኘች ግን ባለቤቷን ትረሳለች ይላል። ማስረጃው የራሱ አይጥ ናት። በሩ ሲከፈት ሮጣ ትመጣለች፣ እጁ ላይ ትተኛለች፣ ስለዚህ ደስተኛ ናት። የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ የሚባለው ይሄኔ ነው። በር ላይ ቆማ የምትጠብቅ አይጥ ደስ ብሏት ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ሌላ ፍጡር ሳታይ ውላም ይሆናል። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ አይለዩም።

እውነቱን እውነት ልበል። አይጥ ከሰው ጋር መጫወት ትወዳለች። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ያክ ፓንክሴፕ የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ አይጦችን በጣቱ ይኮረኩር ነበር። አይጦቹ 50 ኪሎኸርትዝ አካባቢ የሆነ ቀጭን ድምፅ ያወጣሉ። እርስ በርስ ሲጫወቱ የሚያሰሙትም ይህንኑ ነው። አንዳንዶች የአይጥ ሳቅ ይሉታል። ደስ ይላል አይደል? ግን የሰው ጆሮ ከ20 ኪሎኸርትዝ በላይ አይሰማም። አይጥ ስትፈራና ስትጨነቅ የምታሰማው ድምፅ ደግሞ 22 ኪሎኸርትዝ አካባቢ ነው። እሱም ያመልጠናል። ስትስቅም ስትጨነቅም አጠገቧ ቁጭ ብለን ምንም አልሰማንም ማለት ነው። እኔ ዳማን ስንት ነገር ሳወራት ከርሜ፣ እሷ መልስ እየሰጠችኝ ከነበረ አንዱንም አልሰማሁም።

ሰዓቱም አይገጥምም። አይጥ በአብዛኛው የምትነቃው ማታና ሌሊት ነው። እኛ መብራት አጥፍተን ስንተኛ የእሷ ቀን ይጀምራል። በጣም የሚወዳት ሰው እንኳ በቀን ሁለት ሦስት ሰዓት ቢሰጣት ነው። የቀረውን 21 ሰዓት ከማን ጋር ታሳልፍ? አይጦች አብረው ሲኖሩ ተደራርበው ነው የሚተኙት። አንዷ የሌላዋን ማጅራት በጥርሷ ታበጥርላታለች፤ ራሷ የማትደርስበት ቦታ ነው። ምግብ ይቀማማሉ፣ ይሯሯጣሉ፣ አንዷ ስትደነግጥ ሁሉም ቀጥ ይላል። ይህን ሁሉ እኔ በአንድ እጄ ልተካላት ነበር ሐሳቤ።

የምርምሩን ነገር ካነሳን አይቀር፣ በ2011 እ.ኤ.አ. በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ አንድ ሙከራ በ«ሳይንስ» መጽሔት ታትሟል። አንዲት አይጥ ጠባብ ቱቦ ውስጥ ትዘጋለች። አብራት የምትኖረው ሌላኛዋ ከውጭ ነች። ማንም ሳያስተምራት የቱቦውን በር መክፈት ትማራለች። ሌላ ዕቃ ውስጥ ቸኮሌት ሲያስቀምጡላትም ሁለቱንም ትከፍታለች፣ ብዙ ጊዜም ቸኮሌቱን ለተፈታችው ታካፍላለች። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች «ይህ ርኅራኄ ሳይሆን የጓደኛ ናፍቆት ሊሆን ይችላል» ብለው ተከራክረዋል። ይከራከሩ። ናፍቆት ከሆነማ ለእኔ ይበልጥ ይመቸኛል።

ብቸኝነት ሰውነትንም ይጎዳል። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ለጡት ዕጢ የተጋለጠ ዘር ያላቸውን ሴት አይጦች በሁለት ከፍሎ አሳደገ፤ አንዳንዶቹን በቡድን፣ አንዳንዶቹን ለየብቻ። ብቻቸውን ያደጉት ላይ የወጣው ዕጢ በቁጥርም በመጠንም በለጠ። ሁሉም ብቸኛ አይጥ ዕጢ ያወጣል ማለት አይደለም። ግን «ምንም አትሆንም» የሚለውን ቃል በድፍረት እንዳንናገር ይበቃል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በቤተ ሙከራ ያሉ እንስሳት በተፈጥሯቸው ብቸኛ ካልሆኑ በስተቀር ከሚስማሟቸው ጋር በቡድን እንዲኖሩ ያዛል። ለሙከራ እንስሳ የተከበረው ነገር እንወዳታለን ለምንላት ሲነፈግ ግራ ያጋባል።

«ባለቤቷን ትረሳለች» ለሚለው መልሴ አጭር ነው። ዳማ ጓደኞች ካገኘች በኋላ አልረሳችኝም። እንዲያውም አዲሶቹ ፈሪዎች የለመዱኝ እሷ እጄ ላይ ስትወጣ እያዩ ነው።

ጽሑፉ ስለ ምልክቶቹ አንድም ቃል አለመጻፉ ደግሞ አሳዝኖኛል። ጓደኛ የሞተባት አይጥ ብዙ ትተኛለች፣ ምግብ ታስቀራለች፣ መጫወት ትተዋለች፣ ወይም ፀጉሯን እስኪመለጥ ድረስ ትነጫለች። ዓይኗና አፍንጫዋ አካባቢ ቀይ ነገር ሊታይ ይችላል። ደም ይመስላል፣ ግን አይደለም። ከዓይን ጀርባ ካለ ፈሳሽ አመንጪ ዕጢ የሚወጣ ፖርፊሪን የሚባል ቀለም ነው፤ ስትጨነቅም ስትታመምም ይበዛል። ስለዚህ «ሐዘን ነው» ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት ለእንስሳት ሐኪም አሳዩዋት። ዳማ ላይ ቀዩን ባየሁ ጊዜ እኔ ዓይኗን በጨርቅ ጠርጌ ዝም አልኩ።

«መስታወት አስገቡላት»

መስታወት አይሸትም። አይጥ ጓደኛዋን የምታውቀው ከሁሉ በፊት በማሽተት ነው፤ ዓይኗ ያን ያህል አይደለም። የጨርቅ አሻንጉሊት ለመተኛ ይሞቃል፣ ለማኘክም ይመቻል። በዚህ ላይ ከዚህ በላይ ቀለም አልፈጅም።

«ሌላ እንስሳ ጓደኛ ይሁናት»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ድመት፣ ሃምስተር (አይጥ መሰል፣ ጭራው አጭር ለማዳ እንስሳ) እና ትንሿን አይጥ ይጠቅሳል። ድመትና አይጥ ተቃቅፈው የተኙበትን ፎቶ ሁላችንም አይተናል። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ የሚለውን ተረት ግን ያለ ነገር አልተናገሩትም። ድመቷ ምንም ባታደርጋት እንኳ ሽታዋ ብቻ ለአይጥ የአደጋ ደወል ነው። ሃምስተር በተፈጥሮው ብቸኛ ነው፤ የራሱን ዓይነት እንኳ ቤቱ ውስጥ አያስገባም። ከአይጥ ጋር ቢዘጋ አንዳቸው ይጎዳሉ።

ትንሿ አይጥ ደግሞ የባሰ ነው። በስም አንድ ስላደረግናቸው አንድ ዓይነት ይመስሉናል። አይደሉም። ትልቋ አይጥ ትንሿን ልትገድልና ልትበላ ትችላለች፤ ይህ የታወቀ ጠባይዋ ነው። እሳትና ጭድ አንድ ቤት አይከተቱም። «ሁለቱም አይጥ ናቸው» ብሎ ከጽሑፉ አንብቦ አንድ ላይ የሚከት ሰው ጠዋት ምን እንደሚያገኝ ማሰብ አልፈልግም።

አንድ አንባቢ ደግሞ «የዱር አይጥ ብይዝላትስ?» እንዳይል ልጨምር። አይሆንም። ሌፕቶስፓይሮሲስን የመሰሉ ለሰውም የሚተርፉ በሽታዎች ይዛ ልትመጣ ትችላለች፤ ከሽቦ ቤት ኑሮ ጋርም አትስማማም።

«ወንድ አምጡላት»

ጸሐፊው ነገሩን እንደ ትዳር ነው ያየው። ቁጥሩን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ። የአይጥ እርግዝና ከ21 እስከ 23 ቀን ነው። በአንድ ጊዜ ስድስት፣ ስምንት፣ አንዳንዴም ከአሥር በላይ ትወልዳለች። በወለደች በ24 ሰዓት ውስጥ እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። ልጆቿም ገና በአምስት ሳምንታቸው ለመውለድ ይደርሳሉ። ጓደኛ ፍለጋ የተጀመረው ነገር በሁለት ወር ውስጥ ሌላ ስም ያወጣል።

ሴት ከሴት፣ ወንድ ከወንድ ነው። ወንድና ሴት የግድ ከሆነ ወንዱ ይኮላሽ። ከተኮላሸ በኋላም ለሳምንታት ማስረገዝ ስለሚችል ሐኪሙ እስኪፈቅድ ተለይቶ ይቆይ። ማኮላሸት ሌላም ጥቅም አለው። አንዳንድ ወንዶች ግማሽ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ሆርሞን ያስቸግራቸዋል፤ ያገኙትን ሁሉ ይነክሳሉ። እነሱ ከተኮላሹ ከብዙ ሌሎች ጋር መኖር ይችላሉ።

ማንን እንምረጥ? ለአንዲት ትልቅ አይጥ አንዲት ግልገል ከማምጣት ሁለት ማምጣት ይሻላል እላለሁ። ግልገል ቀኑን ሙሉ መጋፋት ትፈልጋለች፤ ትልቋ ደግሞ ዕረፍት። ሁለት ከሆኑ እርስ በርስ ይጫወታሉ፣ ትልቋ ስትፈልግ ትቀላቀላለች። በጣም ትንንሾቹን ግን ጥቂት እስኪያድጉ ጠብቁ፤ የትልቅ አይጥ አንድ ንክሻ ለእነሱ ብዙ ነው። ስትቀበሉም ጠይቁ። ከሌሎች አይጦች ጋር ነው ያደገችው? ወንዶቹ በአምስት ሳምንታቸው ተለይተዋል? ያልተለዩ ከሆነ የምትወስዷት «ግልገል» አርግዛ ሊሆን ይችላል። ታስነጥሳለች? ስትተነፍስ ድምፅ አላት? ምርጥ ምንጮቹ ብዙ ጊዜ አይጥ የበዛባቸው ሰዎች ናቸው። እነሱ የእያንዳንዷን አመል ያውቃሉ፤ ታጋሽ የሆነችውን ለይተው ይሰጧችኋል።

«ጤነኛ ከመሰለች በዚያው ቀን ክተቷት»

ከመሰለች! አይጥ ሕመሟን የምትደብቅ ፍጡር ናት። በትንፋሽና በንክኪ ከአንዷ ወደ ሌላዋ የሚተላለፉ ቫይረሶች አሉ፤ ምልክቱ ሳይታይ ቀናት ያልፋሉ። ስለዚህ አዲሶቹ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለይቶ ማቆያ ይግቡ። ሌላ ክፍል ከምንም ይሻላል፤ ሌላ ቤት ግን የበለጠ ነው። አይጥ የሌለው ወዳጅ ካላችሁ እዚያ ይሰንብቱ። ሁሌም የቆየችውን አስቀድማችሁ መግቡ፣ አዲሶቹን በኋላ። እጅ ታጠቡ፣ ልብስ ለውጡ። ማይኮፕላዝማ የሚባለው የመተንፈሻ አካል በሽታ ግን አብዛኞቹ ለማዳ አይጦች ላይ ስላለ በለይቶ ማቆያ አይጠፋም። እሱን ብላችሁ ሌላውን አትተዉ።

«ከተጣሉ አልተዋደዱም»

አሁን ወደ እኔ ጥፋት መጣሁ። በሁለተኛው ወር ማብቂያ ዳማ ስታሳዝነኝ ሁለት ግልገሎች አመጣሁ፤ ድንቡሼና ቀበጧ። የለይቶ ማቆያውን ነገር እንኳ ሰምቼ ስለነበር አደረግሁት። ከዚያ በኋላ ግን ዳማ ተኝታ ሳለ ሁለቱን ቤቷ ውስጥ ለቀቅኳቸው። የራሷ ቤት፣ የራሷ ሽታ፣ የራሷ አልጋ። አምስት ደቂቃ አልሞላም። ዳማ ፀጉሯን አቁማ በጎን እየተገፋች መጣች፣ ድንቡሼን መቀመጫዋ ላይ ነከሰቻት። ደም ፈሰሰ። እኔ ምን አልኩ? «ዳማ አውሬ ሆናለች።» ተረቱ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላል። እኔ ቤት ተገለበጠ፤ ያጠፋሁት እኔ፣ የተወቀሰችው አይጧ።

ጽሑፉ ልክ እዚህ ላይ «ለዩዋቸው፣ በቃ» ይላል። እኔ ከሳምንት በኋላ እንደ አዲስ ጀመርኩ። በዚህኛው ዙር ሁለቱን ቤቶች ጎን ለጎን አስቀመጥኩ፤ ጣትና ጭራ እንዳይነካከስ በመሐል ክፍተት ትቼ። በየሁለት ቀኑ ጉዝጓዛቸውን አቀያየርኩ፤ የዳማ ወደ እነሱ፣ የእነሱ ወደ ዳማ። መጀመሪያ ዳማ የእነሱን ጨርቅ ጎትታ ጥግ ላይ ጣለችው። በአምስተኛው ቀን ተኛችበት። ያን ሳይ መቼም ልቤ ቀለል አለኝ።

ቀጥሎ ማንም «የእኔ ነው» የማይልበት ቦታ ላይ አገናኘኋቸው። እኔ የተጠቀምኩት ደረቅ የመታጠቢያ ገንዳ ነው። ዳማ ገብታበት አታውቅም፣ ስለዚህ የምትከላከለው ነገር የላትም። በመጀመሪያው ቀን ሩብ ሰዓት፣ በሚቀጥለው ቀን ከዚያ ትንሽ በለጥ እያደረግሁ ቀጠልኩ። መደበቂያ ስታስገቡ መውጫው ሁለት ይሁን፤ አንድ ብቻ ከሆነ ወጥመድ ይሆናል። ሌሎች ሰዎች ደግሞ በጠባብ የማጓጓዣ ሳጥን ይጀምሩና ሰላም በሆነ ቁጥር ቦታውን እያሰፉ ይሄዳሉ። ያም ይሠራል፤ ግን ዓይናችሁን ሳትነቅሉ መቀመጥ ይጠይቃል።

ትልቁ ነገር ጠብና ጨዋታን መለየት ነው። ጽሑፉ «መጮህ ከጀመሩ» ይላል። ግልገል መቼ የማትጮህበት ጊዜ አለ? አንዷ ሌላዋን ገልብጣ ሆዷን ወደ ላይ ብታደርጋት፣ በሁለት እግር ቆመው ቢቦካከሱ፣ አንዷ በግድ ይዛ ብታበጥራት፣ ብትወጣባት፣ ይህ ሁሉ ማን አለቃ እንደሆነ የሚነጋገሩበት ነው። አትግቡ። ለይታችሁ መልሳችሁ ስታገናኟቸው ውይይቱ ከዜሮ ይጀምራል። በጨዋታ ጊዜ የሚፈላለጉት ማጅራት ነው። በእውነተኛ ጠብ ግን ንክሻው ወደ ጀርባና ወደ መቀመጫ ይሄዳል። ፀጉር ቆሞ እንደ ኳስ መነፋት፣ ጀርባን አጉብጦ በጎን መግፋት፣ ፍፍፍ የሚል ድምፅ፣ ተጠቅልሎ መንከባለል፣ ደም። እነዚህን ስታዩ አቁሙ። ባዶ እጃችሁን ግን አታስገቡ፤ ያን ሰዓት የማን ጣት እንደሆነ አይለዩም። ወፍራም ፎጣ ጣሉባቸው፣ ወይም ካርቶን በመሐል አስገቡ።

በገንዳው ውስጥ ተደራርበው እንቅልፍ ከወሰዳቸው ሥራው አልቋል ማለት ይቻላል። አብረው ከመግባታቸው በፊት ቤቱን ሙልጭ አድርጋችሁ እጠቡ፣ ዕቃውን ቦታ ቀያይሩ። ውኃና ምግብ ሁለት ቦታ ይሁን። የመጀመሪያውን ቀን ጠዋት አድርጉት፤ ማታ ከተታችሁ እንዳትተኙ። የእኔዎቹ ሦስት ሳምንት ያህል ፈጀባቸው። በሁለት ቀን የሚጨርሱ አሉ። ሁለት ወር የሚፈጅባቸውም አሉ። ፈጽሞ የማይስማሙም አሉ፤ ብዙ አይደሉም፣ ግን አሉ። ለእነሱ ሌላ ባልንጀራ መሞከር፣ ወንድ ከሆኑ ማኮላሸት፣ ካልሆነም ጎን ለጎን በየቤታቸው ማኖር ይቻላል።

«ካረጀች አትነካኳት»

አይጥ ዕድሜዋ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ዓመት ነው። የዓመት ተኩል አይጥ «አርጅታለች» ተብላ ብቻዋን ብትቀር የሕይወቷን ሩብ፣ ምናልባትም ግማሽ ፈረድንባት ማለት ነው። በሞት አፋፍ ላይ ያለች፣ መተንፈስ ያቃታት አይጥ ላይ እንግዳ ማምጣት ልክ እንዳልሆነ እኔም እስማማለሁ። እሷ ሙቀት፣ ለስላሳ ምግብና የሰው ጭን ትፈልጋለች። ቀስ ብላ የምትራመድ ግን የምትበላ አሮጊት ሌላ ናት። ለእሷ የሚሻሉት ግልገሎች ሳይሆኑ በዕድሜ የበሰለች፣ የተረጋጋች አይጥ ትሆናለች።

ከጽሑፉ ሁሉ ያሳሰበችኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር እዚሁ ክፍል ውስጥ አለች። «አንዷ በሞተች ቁጥር ሌላ ካመጣችሁ ማለቂያው የት ነው?» ይላል። ይህ ጥያቄ ነው። አይጥ ማሳደግ ላቁም የሚል ሰው ሁሌም አንዲት የመጨረሻ ትቀርበታለች። ጸሐፊው ከዚህ ተነስቶ «ስለዚህ ብቻዋን ትኑር» አለ። መሐል መንገድ እንዳለ ግን አላየም። የመጨረሻዋን ሌላ ቤት ካሉ አይጦች ጋር ማቀላቀል ይቻላል። ወይም እንደ እሷው ባልንጀራ የሞተባትን የእኩያ አሮጊት ለጊዜው ተቀብሎ ሁለቱን አብሮ ማስጦር ይቻላል።

ዳማ ከድንቡሼና ከቀበጧ ጋር ሰባት ወር ኖረች። የሞተች ዕለት ጠዋት ስነሳ በሁለቱ መሐል ነበረች፤ ድንቡሼ ማጅራቷን እያበጠረችላት ነበር። አሁን ሁለቱ ራሳቸው ዓመት አልፏቸዋል። አንዷ ቀድማ ስትሄድ የምትቀረው ወደ ማን እንደምትሄድ ከወዲሁ ተነጋግሬ ጨርሻለሁ፤ አራት ሴት አይጦች ካሉት ወዳጄ ጋር። ጉዝጓዝ መለዋወጥ እንደምንጀምር ሳይቀር ቀጠሮ ይዘናል።